አውሮፕላን በወረታ አይዞርም (ስለ ርቀትና ስለ በረራ ጊዜ የቀረበ ማብራሪያ)

ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የፈተና ወረቀት የተነሣ ነው። ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ርቀቱ ስንት ነው? በረራውስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን አራት የምንሆን ሠልጣኞች በዚሁ ጥያቄ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ከርመናል፤ በመካከሉም አንድ ልጅ በድለናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ሳለ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተሰጠን። ስለ ርቀት፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ጊዜ አስተምረን ስናበቃ አምስት ጥያቄዎች አወጣን። አራተኛው «ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» የሚል ነበር። አሠራሩ የታወቀ ነው። 180 ለ600 ይካፈላል፣ በ60 ይባዛል፣ መልሱ 18 ደቂቃ ይሆናል። ጥያቄውን ስናወጣ ቁጥሩ እኩል ስለሚካፈል ደስ ብሎን ነበር፤ ሌላ ያሰብነው ነገር አልነበረም።

ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል 18 ብሎ ጻፈ። አንድ ልጅ ብቻ በመልሱ ቦታ ቁጥር ሳያስቀምጥ «አውሮፕላን በወረታ አይዞርም» ብሎ አስፍሮ ተገኘ። እኛም ልጁ ያሾፈብን መስሎን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገን ዜሮ ሰጠነው። ወረቀቱን ስንመልስለት ምንም አልተናገረም፤ አጣጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ማታ ሻይ እየጠጣን ይህንኑ እንደ ቀልድ ስናወራ አብራን የምትሠለጥን የጎንደር ልጅ ሰማችን። እንደ እኛ የምትስቅ መስሎን ነበር። እሷ ግን ኩባያዋን አስቀምጣ «እና ዜሮ ሰጣችሁት? ልጁ እኮ እውነቱን ነው!» አለችን። ከዚያም በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጣናን ሣለችልን። ሁላችንም ዝም አልን።

እንግዲህ ከ180ው እንጀምር። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የመኪና መንገድ ቁጥር ነው። ከባሕር ዳር የተነሣ አውቶቡስ አባይን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ሐሙሲት ይሄዳል፤ ከሐሙሲት ወረታ፣ ከወረታ አዲስ ዘመን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ነው በማክሰኝትና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር የሚገባው። ለምን እንዲህ ይዞራል ቢሉ፣ በመካከል ጣና ተኝቷል። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። መኪና ሐይቁን በምሥራቅ በኩል፣ የፎገራን ሜዳ ይዞ ከመዞር በቀር ምርጫ የለውም። አዲስ ዘመን ከተማ ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ከሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ የምትገኝ ናት። አውሮፕላኑ ግን ከሐይቁ በላይ ያልፋል። የልጁ አነጋገር ይህንን ሁሉ በሦስት ቃል ጨርሶታል።

በዚያ ላይ ሌላም ነገር አለ። 180 ኪሎ ሜትር የሚባለው ከከተማ ከተማ ነው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማለትም በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የሚጠራው፣ ከጎንደር ከተማ መካከል ሳይሆን በስተደቡብ በአዘዞ በኩል ነው ያለው። በባሕር ዳር ያለውም፣ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ «ከባሕር ዳር ጎንደር» ስንል ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልተናገርን ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው ማለት ነው።

ቀጥተኛውን ርቀት ታዲያ እንዴት እናገኛለን? ሁለት መንገድ ሞክረናል። የመጀመሪያው ካርታና ማስመሪያ ነው። አንድ ለሁለት ሚሊዮን በሆነ የግድግዳ ካርታ ላይ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ስንለካ 5 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆነ። በዚህ ካርታ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት 20 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 102 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይሁን እንጂ ማስመሪያው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት 2 ኪሎ ሜትር ተሳሳትን ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተለያየ ቁጥር አግኝቷል። (ስሙን አንጽፍም፤ ራሱ ያውቃል።)

ሁለተኛው መንገድ በኬክሮስና በኬንትሮስ ማስላት ነው። ይኼኛው ለአስተማሪ በጣም የሚጠቅም ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርገን እናቀርበዋለን። መሬት ዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ እንዲህ ድፍን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ፈረንሣዮች በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሜትርን ሲፈጥሩ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት አሥር ሚሊዮን ቦታ ከፍለው ስለሆነ ነው። 40,000ን ለ360 ዲግሪ ብናካፍል አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ አለው። እዚህ ላይ ተማሪ እንዳይደናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ ሳይሆን የዲግሪ ክፋይ ነው። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን መርከበኞችና አብራሪዎች የባሕር ማይል የሚሉት ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ፍጥነቱ በኖት ይለካል ሲባልም በሰዓት ይህን ያህል የባሕር ማይል ሄደ ማለት ነው፤ ካርታው ላይ ያለው የኬክሮስ መስመር ራሱ ማስመሪያ ሆነላቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ላይ ይገኛል። የጎንደሩ በሰሜን 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ፣ በምሥራቅ 37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ላይ ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 55 ደቂቃ ነው። 55 በ1.852 ሲባዛ 102 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይሆናል። ወደ ሰሜን የምንሄደው ይህን ያህል ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 7 ደቂቃ ብቻ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ስለሚመጡ አንዱ ደቂቃ በእኛ አካባቢ ከ1.852 አንሶ 1.81 ኪሎ ሜትር ይሆናል (የ12 ዲግሪ ኮሳይን 0.978 ስለሆነ ማለት ነው)። 7 ጊዜ 1.81 ወደ 12.7 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ወደ ምሥራቅ የምንሄደው ይህን ያህል ነው። ቀሪው የፒታጎረስ ሥራ ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ስኩዌር ደምረን ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ 102.6 ኪሎ ሜትር አካባቢ እናገኛለን። ደቂቃዎቹን ስላጠጋጋናቸው በደፈናው 102 ኪሎ ሜትር ብንል አያሳፍረንም። ማስመሪያውም 102 ነው ያለን።

እንግዲህ የመኪናው 180፣ የአየሩ 102። ልዩነቱ 78 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣና ያስዞረን ይህን ያህል ነው።

በሌላ ቦታ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ከጎንደር ላሊበላን እንውሰድ። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን 11 ዲግሪ ከ58፣ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ59 ላይ ነው። ኬክሮሱ በ33 ደቂቃ፣ ኬንትሮሱ በ93 ደቂቃ ይለያያል። በዚያው ዘዴ ብናሰላው 179 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመኪና ግን ወደ ወረታ ወርዶ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ዞሮ ነው የሚኬደው፤ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እጥፍ ማለት ነው። እዚህ ያስዞረው ሐይቅ ሳይሆን ተራራና ገደል ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ነገርም እንዲሁ ነው። በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር ሲሆን መኪናው በደብረ ማርቆስ ሲሄድ ከ550 በላይ ይነዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሰው ቁጥሩ ለምን እንደሚያብጥ ለማስረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

ርቀቱን ካገኘን ዘንድ ጊዜውን ማግኘት ቀላል ይመስላል። 102ን ለ600 አካፍሎ በ60 ማባዛት ነው፤ 10 ደቂቃ ከትንሽ ሽርፍራፊ። የጎንደሯ ልጅ ግን ይህንንም አልተቀበለችንም። «አሥር ደቂቃ? ቀበቶ እስኪፈታ እንኳ አይበቃም!» አለች። እውነቷን ነው። እኛ አውሮፕላኑን እንደተወረወረ ድንጋይ አድርገን ነበር የቆጠርነው፤ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በ600 የሚሄድ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ድንገት የሚቆም።

በሥራ ላይ የሚሆነው እንደሚከተለው ነው። አውሮፕላኑ በመጀመሪያ ከቆመበት ተነሥቶ በዝግታ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይሄዳል፤ ይህ ፍጥነቱ ከሚኒባስ አይበልጥም። ከመቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ ሲያገኝ ይንደረደርና ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ከፍታ እያወጣ ስለሚሄድ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ አይደለም፤ ዳገት የሚወጣ መኪና ማርሽ እንደሚቀንስ ያለ ነው። በአጭር በረራ ላይ ደግሞ ከፍታውን ይዞ ሳይደላደል ገና መውረድ መጀመር አለበት። ሲወርድም ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። በዚህም ላይ ማኮብኮቢያው የሚያመለክትበት አቅጣጫ የታወቀ ነው፤ አውሮፕላኑ በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚነሣውም የሚያርፈውም። ስለዚህ ከደቡብ ቢመጣም አንዳንድ ጊዜ አልፎ ዞሮ ከሰሜን ይገባል። ይህ ሁሉ በማካፈል ምልክት ውስጥ የለም።

ለክፍል የሚሆን ግምታዊ ዘዴ ስንፈልግ ይህችን ተስማማንባት። ቀጥተኛውን ርቀት በሙሉ ፍጥነት አካፍለን ካገኘነው ደቂቃ ላይ ለመውጫና ለመውረጃ አሥር ደቂቃ ያህል እንጨምር። ለባሕር ዳርና ጎንደር 10 ሲደመር 10፣ ወደ 20 ደቂቃ በአየር ላይ ይሆናል። ለጎንደርና ላሊበላ 18 ሲደመር 10፣ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው። ለአዲስ አበባና ባሕር ዳር 33 ሲደመር 10፣ ወደ 43 ደቂቃ። በበረራ ሰሌዳ ላይ ግን የዚህኛው ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሰሌዳው ዋሸ ማለት አይደለም። ሰሌዳው የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከጎማው ሥር ታኮው ተነሥቶ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ ደርሶ ታኮ እስኪገባለት ድረስ ያለውን ነው። አዎን፣ ታኮ፤ የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ሮጦ ጎማ ሥር የሚወትፈው ዓይነት። አውሮፕላንም አለው።

ከዚህ ስሌት አንድ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ፤ እኛን በጣም ያስገረመን እሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የያዘው ዳግላስ ሲ 47 የተባለውን፣ የዲሲ 3 ወታደራዊ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። በአገር ውስጥም ዲሲ 3 ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ፍጥነቱን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንይዝ ከባሕር ዳር ጎንደር 23 ደቂቃ ሲደመር 10፣ ወደ 33 ደቂቃ ይወስድበታል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው ቦምባርዲየር ኪው 400 እስከ 667 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊበር የሚችል ሆኖ ሳለ በ600 ብናሰላው ያንኑ መንገድ በ20 ደቂቃ ነው የሚጨርሰው። ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ አደገ፣ የተቆጠበው ግን 13 ደቂቃ ብቻ ነው! ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሲሆን ግን 83 ደቂቃ የነበረው ወደ 43 ይወርዳል፤ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። መንገዱ ሲያጥር የፈጣን አውሮፕላን ጥቅም ይቀንሳል፤ መውጣትና መውረዱ ያው ስለሆነ።

ስለ አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ካነሣን ዘንድ ከሠፈራችን ብዙም የማይርቀውን ኦልድ ኤርፖርትን ሳናነሣ ብናልፍ ያስወቅሰናል። ብዙዎቻችን በታክሲ ስናልፍ ስሙን እንጠራለን እንጂ ለምን እንዲህ እንደተባለ አንጠይቅም። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ በኩል እዚያ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ አይበቃቸውም ነበርና ቦሌ ተሠራ። ጄት ለመነሣትም ለማረፍም ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይረዝማል።

ለምን ቢባል አገራችን ከፍታ ላይ ስላለች ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ጎንደርና ላሊበላም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋሉ፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። (ባሕር ዳርቻ ያልነው ከተማዋን ሳይሆን እንደ ጅቡቲ ያለውን ነው።) የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አያነሣም፣ ሞተሩንም ያደክመዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደር፣ ወይም ሸክሙን መቀነስ አለበት። ለአጭር በረራ ይህ ብዙም አይሰማም፤ ለሩቅ በረራ ግን መንገዱን እስከ መለወጥ ይደርሳል። ወገኖቻችን በብዛት ወደሚኖሩበት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ነበር የሚያልፈው፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ርቀቱ ያው ነው። ከቦሌ ሲነሣ ግን ሙሉ ነዳጅ ከሙሉ ሰው ጋር ይዞ መነሣት ከባድ ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። እንዲህ ላለው ሩቅ መንገድ የፒታጎረስ ዘዴያችን እንደማይሠራም እናስታውሳለን። መሬት ክብ ስለሆነች በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ያሰመርነው ቀጥታ መስመር አጭሩ መንገድ መሆኑ ይቀራል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሉል ካለ ክር ይዞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወጥሮ መለካት ነው የሚሻለው። ክሩ ወደ ሰሜን ተቆልምሞ ሲሄድ ተማሪዎች በጣም ይደነቃሉ።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ልብ ያላችሁ አንባብያን አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። የእኛ የተሳሳተ ጥያቄ መልሱ 18 ደቂቃ ነበር። ከተመራመርን በኋላ ያገኘነው ደግሞ ወደ 20 ደቂቃ ነው። በጣም ተቀራርበዋል! የመኪና ርቀት በመውሰዳችን ጊዜውን አበዛነው፣ መውጣትና መውረዱን በመርሳታችን ደግሞ አሳነስነው፤ ሁለቱ ስህተቶች ተጠፋፉና መልሱ ደህና መሰለ። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲያይ «እንግዲያውስ ምን ያጨቃጭቀናል? ያው ደርሰንበታል» ብሎ እጁን አጨበጨበ። የሒሳብ መምህራችንን ሄደን ስናማክራቸው ግን ወረቀቱን እያገላበጡ ቆዩና «ይህንኑ ዘዴ ለላሊበላ ሞክሩት» ብለው ሰደዱን። 360ን ለ600 አካፍለን በ60 ስናባዛ 36 ደቂቃ መጣ፤ በእርማታችን ግን 28 ነበር። መጠፋፋቱ እዚያ አልሠራም። ለአዲስ አበባና ባሕር ዳርማ ከ55 ደቂቃ በላይ ሆነ፤ የአየሩ 43 ሆኖ ሳለ።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ ደብቀን አናልፈውም። አንደኛው ጓደኛችን አሁንም የሚለው የሒሳብ ጥያቄ ሒሳብ ለማለማመድ እንጂ አየር መንገድ ለመክፈት አይደለም፣ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ጣናንና ነፋስን ብናመጣበት ማካፈሉንም ይረሳዋል ነው። ከፊል እውነት አለው። ሌሎቻችን ግን የከተማ ስምና እውነተኛ ቁጥር ጥያቄው ውስጥ እስካገባን ድረስ ልጁ አገሩን ያስገባበታል፤ ካልፈለግን «ከ ሀ እስከ ለ» ማለት እንችል ነበር እንላለን። በመጨረሻ ጥያቄውን እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦ «ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ በአየር 102 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በመነሣትና በማረፍ 10 ደቂቃ ቢያጠፋ፣ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ርዝመቱ ጨምሯል፤ ግን አንድ ልጅ ቢጠይቀን የምንመልሰው አለን።

ሰኞ ክፍል ገባን። ከመጀመራችን በፊት የልጁን ወረቀት ጠይቀን ተቀበልነውና በሁሉም ፊት ኤክሱን ሰርዘን ሙሉ ነጥብ ሰጠነው፤ ለምን እንደሆነም ሰሌዳው ላይ ጣናን ሥለን አስረዳን። ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ እኛስ? 18 ያልነው ሊቀነስብን ነው?» ተባልን። ጥፋቱ የጠያቂው ስለሆነ የማንንም አልቀነስንም። ልጁን ይህን እንዴት አወቅህ ብለን ብንጠይቀው አባቱ የጭነት መኪና ረዳት እንደሆነ፣ አንድ ክረምት ይዞት ጎንደር ድረስ እንደሄደ ነገረን። ወረታ ላይ ምሳ በልተው ሲወጡ አውሮፕላን በሐይቁ በኩል ሲያልፍ አይቶ አባቱን «እነሱ ለምን በዚህ አይመጡም?» ብሎ ጠይቆት እንደነበረ ነው ያጫወተን። አባቱ ምን እንዳለው ብንጠይቀው «ሳቀብኝ» አለን።

ከዚያ እጁን እንደገና አወጣ። «ቲቸር፣ ከኮልፌ ቦሌስ ስንት ደቂቃ ነው?»

ይህን በማስመሪያ አልሞከርነውም። ካርታው ላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ሰዓት ይዘን ከአጠና ተራ ተነሣን። 1 ሰዓት ከ10 ላይ ሰልፍ ያዝን፤ 1 ከ32 ላይ ሚኒባስ አገኘን፤ ጦር ኃይሎች አልፈን ሜክሲኮ ስንወርድ 2 ከ5 ሆኗል፤ ከሜክሲኮ ቦሌ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ፤ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የደረስነው 2 ሰዓት ከ41 ላይ ነው። 91 ደቂቃ። ከእነዚህ ውስጥ በመኪና ውስጥ የተቀመጥነው 56 ደቂቃ ሲሆን ቀሪው ሰልፍ ነው። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ አድርገን ለክፍሉ ወስደናል፤ ልጁ ሠንጠረዡን አይቶ ሰልፉ እንደ ታኮው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብሎ ጠይቋል።